«ሽፍታ» ሲጠብቅና ሲላላ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 7

ፎጣዬን ከጀማል ፎጣ ለይቼ በሌላ ሚስማር ሰቀልኩት። አየኝና ሳቀ። «እትዬ ዘይኑ፣ ወንድምሽን ተጸየፍሽው?» አለኝ። አዎ፣ ተጸየፍኩት። በጣቶቹ መሐል ቀይ ቀይ ነገር ወጥቶበታል፤ እራት ላይ ሲያክ ነበር ያመሸው። ያመጣው ከሥራው ነው። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አጠገብ ባለችው ትንሽ ክሊኒክ ጤና ረዳት ነው፤ ሐኪም የለ፣ ነርስ የለ፣ እሱ ብቻ።

«እከክ ነው አይደል?» አልኩት።

«ቀስ በይ፤ ሽፍታ በዪው» አለኝ።

እዚያ ላይ ያሉት ሰዎች እከክ የሚለውን ቃል ከሰሙ በር ይዘጉበታል። እከካም መባል ስድብ ነው፤ የሚሸጥ ሰው ገዢ ያጣል፣ ልጅ የሚድር አማች ያጣል። ስለዚህ በአፉም በወረቀቱም ሽፍታ ነው የሚለው። የማንንም ቤት ለማንም እንደማያሳይ ደግሞ ቃል ገብቶላቸዋል። እንደዚያ ስላላቸው ነው እጃቸውን ያሳዩት። የሚቀባው መድኃኒት ግን ካለቀ ሰንብቷል። «በሳሙና ታጠቡ» እያለ ይመልሳቸዋል።

የእኔም ነገር ያው ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ተርጓሚ ነበርኩ፤ ከዚህ ወር ወዲህ አራሚ ተብያለሁ። የትርጉም ክፍላችን አለቃ ጓድ ሰይፉ ውጭ ተምሮ ሲመለስ ኮምፒውተር ይዞ መጣ። አማርኛ ይጻፍበታል፣ ውስጡ ያለው መዝገበ ቃላት ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰዋል፣ ጎኑ ላይ የተያያዘው ማተሚያ እየጮኸ ያወጣዋል። እንግሊዝኛ ሲሰጡት ደግሞ ወደ አማርኛ። «የሰው እጅ ሳይነካው!» ይላል ጓድ ሰይፉ፣ ለመጣው እንግዳ ሁሉ። የሰው እጅ የተባልኩት እኔ ነኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 8

ነገ ማሽኑ ለትልቅ ሰዎች ይታያል። ለክሊኒኮች መድኃኒት ከሚሰጥ የውጭ ድርጅት አንድ ፈረንጅ ይመጣል፤ ከቀበሌዎቹ በላይ ካለው ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ደግሞ ጓድ ታምሩ። ጓድ ታምሩን የማያውቅ የለም። ሰላም ሲልህ ራሱ ምን አድርጌ ይሆን ያሰኛል።

ጓድ ሰይፉ ማሳያ የሚሆን ጽሑፍ ፈለገ። ለፈረንጁ ድርጅት የምተረጉማቸውን የክሊኒክ ወረቀቶች ሁሉ አገላብጦ አጭሩን መረጠ። ባየው የጀማል ነው! ልቤ ዘለለ። መድኃኒት የሚሰጠው ሰውዬ ራሱ በዓይኑ ሊያነበው ነው። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦

«ከኪዳነ ምሕረት በላይ ባሉት ቤቶች ሽፍታ ገብቷል። ሰዎቹ አፍረው ይደብቁታል። ቶሎ ካልተያዘ ወደ ከተማው ይወርዳል። የሚቀባ ነገር ይላክልን። አፋጣኝ እርምጃ ይወሰድ።»

አንብቤ ስጨርስ ግን ደስታዬ ቀዝቀዝ አለ። «ጓድ ሰይፉ፣ ይሄ ሽፍታ የሚለው ቃል ሁለት ነው» አልኩት። ፍዋን አጥብቀህ ስታነባት የገላ ናት፤ አላልተህ ስታነባት የጫካ። በጽሑፍ ግን ምንም ልዩነት የላቸውም። ማሽኑ የትኛውን ያውቃል?

ሞከርነው። የጫካውን ብቻ ነው የሚያውቀው። ጓድ ሰይፉ መዝገበ ቃላቱን የሞላው ከጋዜጣ ነው። ከጋዜጣ የተማረ ፍጡር ስለ ጫካ እንጂ ስለ ገላ ምን ይሰማል? በ«እከክ» እንቀይረው አልኩ። እከክ የሚባል ቃል ደግሞ ጭራሽ የለውም፤ በቦታው ኮከብ አተመ።

«ተይው በቃ» አለኝ። «ጽሑፉን ከነካሽው ማሳያ መሆኑ ቀረ። አንድ ቃል ቢስት ምን ይሆናል?»

ምን ይሆናል። ፈረንጁ ይስቅ ይሆናል፣ እኔ አስረዳዋለሁ፣ እንስቃለን፣ መድኃኒቱ ይመጣል። ለጀማል ማታ ስነግረው ሳመኝ። ፎጣዬን ግን አልመለስኩም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 9



ወረቀቱ ገባ። ማተሚያው ጮኸ። እንግሊዝኛው ወጣ፤ «ባንዲት» ይላል፣ የጫካው ሽፍታ። ባንዲት ከኪዳነ ምሕረት በላይ ባሉ ቤቶች ገብቷል። ሕዝቡ ይደብቀዋል። ካልተያዘ ከተማ ይወርዳል። «አፍረው» የሚለውን ዘለለው። «የሚቀባ» የሚለው ላይ ኮከብ በኮከብ ሆነ። እርምጃ የሚለውን ግን አሳምሮ ነው የተረጎመው፤ ከጋዜጣ ነዋ የተማረው።

ፈረንጁ አልሳቀም። ፊቱ ተለወጠ። ጓድ ሰይፉ ማሽኑ መልስም እንደሚቀበል ሊያሳይ ቸኩሎ ወንበሩን ሳበለት፤ ፈረንጁም ተቀምጦ በእንግሊዝኛ ጥያቄ ጻፈ። ማሽኑ መልሶ ወደ አማርኛ አዞረው። ወረቀቱን ከማተሚያው ላይ የቀደደው ጓድ ታምሩ ነው። ጮክ ብሎ አነበበው፦

«በእንጦጦ ስንት ወንበዴዎች አሉ? ሕዝቡ ወንበዴዎችን ለምን ይደብቃል?»

እከክ ሆኖ የገባ ወንበዴ ሆኖ ወጣ። ያውም ብዙ ሆኖ። በዚህ ዘመን ወንበዴ ማለት መንግሥትን የሚወጋ ማለት እንደሆነ ለማን ይነገራል!

ተነሣሁ። ጓድ ሰይፉ በዓይኑ ተቀመጪ አለኝ። አልተቀመጥኩም። «ጓድ፣ ስሕተት ነው፤ ሽፍታ ማለት እዚህ የገላ ሽፍታ ነው፤ እባክዎ ዋናውን ወረቀት ይዩት» አልኩ። ዋናውን አነሣና አየው። አሁን እንዴት ብሎ እንዳነበበው መቼም አልረሳውም፤ ፍዋን አላልቶ፣ አንድ በአንድ፣ ወንበዴ የሚለው ቃል ገና ከአፉ ሳይደርቅ።

«ሽፍታ ይላል። ይደብቁታል ይላል። እርምጃ ይወሰድ ይላል። ታዲያ ማሽኑ ምን አጠፋ?»

«የሚቀባ ይላክልን ይላል እኮ!»

«ጓድ ዘይነባ» አለኝ ፈገግ ብሎ፣ «ሰው ይዋሻል። ማሽን መደብ የለውም።»

ሁለቱንም ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተ። ጓድ ሰይፉ በር ድረስ ሸኘው፤ ተመልሶ ሲመጣ «ወደዱት» አለኝ። ወላሂ እንዲህ ነው ያለኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 10

ወሰዱት።

ከጁምዓ ሶላት በፊት፣ ከክሊኒኩ። ሽፍታው የትኛው ቤት እንደገባ ንገረን አሉት። ስለ ሽፍታው የጻፈው እሱ ነዋ። የለም ሲላቸው «ጽፈህ ትክዳለህ?» ብለው አሰሩት። ያለው ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ቀበሌ ውስጥ ነው። የነገሩን ጎረቤቶች ናቸው፤ እነሱም ከበሩ ሳያልፉ።

እማ አላለቀሰችም። ተነሥታ የምሳ ዕቃውን ማጠብ ጀመረች። አንዴ ታጠበ፣ ሁለቴ ታጠበ። «ስንቅ ሲመልሱ ነው የሚያስፈራው» አለችኝ፣ ፊቷን ሳታዞር። በዚያ በክፉው ጊዜ፣ በቀይ ሽብር፣ የጎረቤታችን ልጅ ስንቅ ሲመለስ የሰማችው ነው። «ከእንግዲህ አታምጡ» ያሉ ቀን ልጁ ተገድሏል ማለት ነው።

ምን ልበላት? ልጅሽን ያሰረው አንድ ፊደል ነው ልበላት?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 11

የወሰድኩት፦ እንጀራ በሽሮ፣ ሁለት ሎሚ፣ ሹራብ፣ ካልሲ፣ ሳሙና። ሳሙናውን ውስጡ ቦምብ ያለበት ይመስል ቆርጠው አዩት።

በር ላይ ያለው የአብዮት ጥበቃ ጋሽ አባተ የሚባል ሽማግሌ ነው። ጀርባውን ከበሩ እንጨት ጋር እያሸ ቆሞ ነበር፤ እንደ በሬ። የምሳ ዕቃውን ሲቀበለኝ እጁን አየሁ። በጣቶቹ መሐል ቀይ ቀይ። ማየቴን አይቶ እጅጌውን ሳበው።

የላይ ሰፈር ሰው ነው። ከእነዚያ ቤቶች የአንዱ አባወራ ነው!

ደግ ሰው ግን ነው። «አጭር አድርጊው» ብሎ ከጀማል ጋር አገናኘኝ። ጀማል በአንድ ሌሊት ዓይኑ ገብቷል። አልተመታም፤ እስካሁን። ጣቱን እንዳሳያቸው ነገረኝ። «ጫካ ለጫካ ስትሄድ የቧጨረህ እሾህ ነው» ብለውታል። ከማከኩ ብዛት ተቧጥጦ እሾህ የቧጨረው መስሏል።

«ታዲያ ቤቶቹን አሳያቸው! ሄደው የሰዎቹን ገላ ይዩ!» አልኩት።

«መሣሪያ የያዘ ሰው አስከትዬ? ቃል ገብቼላቸዋለሁ እኮ፣ እትዬ።»

«አንተ ጅል! ላንተ ሲል ማን ቃሉን ጠብቆ ያውቃል?»

ቀስ ብሎ፣ «ዛሬ ካሳየኋቸው ነገ ማን ገላውን ያሳየኛል?» አለኝ። ልመታው ቃጣኝ። እንደ ሕፃንነቱ ጆሮውን ይዤ ላወጣው ቃጣኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን። በየደጁ ቆሻሻ እየተቃጠለ ሰፈሩ ሁሉ በጭስ ታፍኗል። በሽታ ይውጣ ብሎ ነው አገሩ የሚያጨሰው። እኔም ጎማ ሲነድ እያየሁ፣ የማይነድ በሽታ አለ ብዬ አሰብኩ። ማን እንደሆነ አልጽፍም።

ጋሽ አባተ ከጥበቃ ሲወጣ ጠበቅኩት። ወደ ላይ፣ በባሕር ዛፉ መሐል አብሬው ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኩት። «ጋሽ አባተ፣ እጅዎን ብቻ ለጓድ ታምሩ ያሳዩ። ሌላ ምንም አልጠይቅዎትም።»

ቆመ። «አንቺ ልጅ፣ እኔ ምን አለብኝ?» አለ። እጁ ግን ኪሱ ውስጥ ነበር።

በዚህ መሐል ሚስቱ ከሾላ ገበያ መጣች። ወይዘሮ ብርቄ፣ ባዶ ቅርጫት በራሷ ላይ፣ ነጠላዋ እስከ ጣቷ ድረስ ተጠቅልሎ። ዳቦ ሻጭ ናት። ምን እንደሆነ ስታየኝ ገባት መሰለኝ፤ ቅርጫቱን አወረደችና ቆመች።

ባሏ ነው የተናገረው። «እሷ ዳቦ ትሸጣለች። እኔ ጥበቃ የምቆመው ለስሙ ነው፤ ልጆቼ የሚበሉት ከዚያ ቅርጫት ነው። እከካም የጋገረውን ዳቦ ማን ይገዛል? ወንድምሽ ጨዋ ልጅ ነው፣ ፈጣሪ ያውጣው። የኔን ቤት ግን አትክፈቺብኝ።»

እሷ መሬት መሬት ስታይ ቆየች። ሄዱ።

ስወርድ የተሰማኝን እጽፋለሁ፣ ለማን እደብቃለሁ። ስሙን ለጓድ ታምሩ ብነግረው በአንድ ቃል ያልቅ ነበር። መጥተው እጅጌውን ይገልጡታል፣ ጀማል ይወጣል። ጀማል ግን ከወጣ በኋላ አያናግረኝም። ከዕድሜ ልኩ ዝምታና ከሞቱ የቱ ይሻላል? እንዲህ ብዬ እያመዛዘንኩ ነው ቤት የገባሁት።

ሰኞ፣ ኅዳር 13

ጓድ ሰይፉ ዘንድ ገባሁ። «አንድ መስመር ጻፍልኝ» አልኩት። ማሽኑ ለቃሉ አንድ ትርጉም ብቻ እንደተሞላ፣ ሳይጀመርም ነግሬህ እንደነበር። ሌላ አይደለም።

በሩን ዘጋ። «ማሽኑ ተሳሳተ ብዬ ልጻፍ? ባለፈው ሳምንት የወደዱትን?»

«አልተሳሳተም በል። አልተነገረውም በል።»

«ዘይነባ፣ ወንድምሽ መሆኑን ለምን አስቀድመሽ አልነገርሽኝም?» አለኝ። አሁን ጥፋቱ የኔ ሊሆን ነው! ስሙ ወረቀቱ ላይ በትልቁ ተጽፏል፣ የአባታችን ስም ያው ነው፤ ያልነገርኩት ምኑን ነው? ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔም ልጆች አሉኝ» አለ። ሁሉም ልጆች አሉት። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

ከሰዓት በኋላ ሥራ ሰጠኝ። የማሽኑን ትርጉም ማረም። «ይሰማል» የሚለውን «ይሰማል» ብሎ አስቀምጦታል፤ ማለቴ ላልቶ የሚነበበውን አጥብቆት፣ ጆሮ ያለውን ሰው የሚሰማ ድምፅ አድርጎታል። አረምኩት። ለማን ብዬ እንደሆነ አላውቅም። እጄ ለምዶ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 14

ስንቁ ተመለሰ።

ጋሽ አባተ አልነበረም፤ ሌላ ልጅ እግር ነው በሩ ላይ የቆመው። የምሳ ዕቃውን እንኳ አልነካውም። «እዚህ የለም» አለ። የት ነው? «ወደ ላይ ተላልፏል።» የቱ ላይ? ትከሻውን ነቀነቀ።

ለእማ እንዴት እነግራታለሁ ብዬ መንገድ ላይ ተቀምጬ እንጀራውን ልበላው አሰብኩ፤ ባዶውን ዕቃ ይዤ ልገባ። ሁለት ጉርሻ ሞከርኩ። አልወረደልኝም። እማ በር ላይ ጠብቃኝ ነበር። ዕቃውን ከእጄ ወስዳ በክብደቱ አወቀች።

ከመግሪብ በኋላ የጎረቤታችን ባል ሾልኮ መጥቶ ነገረን፤ ከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ነው ያለው፣ ነገ ጓድ ታምሩ ራሱ ጠይቆት ከዚያ ወደ ሌላ እስር ቤት ይልከዋል። አልሐምዱሊላህ፣ አለ። ላልቶ፣ ጠብቆ፣ እንዴትም ይነበብ፣ አለ።

ነገ የጋሽ አባተን ስም እናገራለሁ። ወስኛለሁ። ጀማል ይጥላኝ። ልጆቻቸውም ይራቡ። ይህን በእጄ ጻፍኩት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 15

ማለዳ ከፍተኛው ደረስኩ። ስሙ ምላሴ ላይ ነበር። የጓድ ታምሩ በር ላይ ያለው አግዳሚ ላይ ግን ሰው ቀድሞኛል። ወይዘሮ ብርቄ። ባዶ እጇን፣ ያለ ቅርጫት።

«ምን ሊያደርጉ መጡ?» አልኳት።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ?» አለች። «አባተ አያውቅም። ቢያውቅ አይለቀኝም ነበር። ወንድምዎ ልጄን አቅፎ ነው ያጠበልኝ፤ እኔ እንኳ ስጸየፋት።»

አስገቡን። ጀማል ጥግ ላይ ቆሟል፤ ከንፈሩ ተሰንጥቋል። እኔን ሲያይ ራሱን ነቀነቀ፤ «እንዳትናገሪ» ማለቱ ነው። በጓድ ታምሩ ጠረጴዛ ላይ ሁለቱ ወረቀቶች ተዘርግተዋል፣ የጀማል የእጅ ጽሑፍና የማሽኑ።

ወይዘሮ ብርቄ ነጠላዋን አወረደች። እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ሰበሰበች። ከዚያ ሁለቱንም ክንዷን በወረቀቶቹ ላይ አሳረፈቻቸው። እንዲያ ያለ ክንድ አላየሁም፤ ከጣቷ እስከ ብብቷ ያልተቧጠጠ ቦታ የለም።

«ይኸው ሽፍታው» አለች፣ ፍዋን አጥብቃ። «ቤቴ የገባው ይሄ ነው። የደበቅሁትም እኔ ነኝ። እርምጃ ይውሰዱ።»

ጓድ ታምሩ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋው፤ ግድግዳ እስኪነካ። ያ ሰላምታው የሚያስፈራ ሰው ከእሷ ክንድ ሸሸ! መጀመሪያ ያደረገው ነገር መሐረብ አውጥቶ እጁን መጥረግ ነው። ወረቀቶቹን ሲነካካ መሰንበቱ ትዝ ብሎት መሆን አለበት። ቆይቶ ጀማልን አየ፣ ከዚያ የጀማልን ጣት።

«ይሄ ነገር... ይተላለፋል?» አለ።

«ቶሎ ካልተያዘ ወደ ከተማው ይወርዳል ብዬ ጽፌያለሁ፣ ጓድ» አለው ጀማል። ማሾፉ አልነበረም። የእውነቱን ነው የመለሰለት።

ለቀቀው። ይቅርታ የሚባል ነገር የለም። አስፈረመው፦ ከእንግዲህ «ሽፍታ» የሚለውን ቃል በማንኛውም ጽሑፍ ላይ እንዳይጠቀም። «በስሙ ጥራው» አለው። «እከክ ብትል ምን ቸገረህ?»

እማ ጀማልን ስታየው ያኔ አለቀሰች። እኔ ግን ጓሮ ገብቼ ለብቻው የሰቀልኩትን ፎጣዬን ከነሚስማሩ ነቅዬ ጣልኩት። ስሙን ልናገር እንደነበር አልነገርኩትም። አልተናገርኩም ማለት አልችልም፤ ቀደመችኝ እንጂ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 18

ሦስት ነገር ልጻፍና ልተኛ።

የፈረንጁ ድርጅት ደብዳቤ መጣ። እንጦጦ ላይ ወንበዴ አለ ስለተባለ መኪናቸው ለጊዜው ወደዚያ አይወጣም፤ መድኃኒትም አይላክም። ይሄን ደብዳቤ ማሽኑ አንዲት ፊደል ሳይስት ነው የተረጎመው። እኔ ለፈረንጁ በእጄ ጻፍኩለት፣ ከማሽኑ ውጪ፣ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ። ይመልስ አይመልስ አላህ ያውቃል። ጀማል እስከዚያው ከሾላ ድኝ ገዝቶ በቫዝሊን እየለወሰ ይቀባቸዋል። ቤታችን እንደ ተለኮሰ ክብሪት ይሸታል።

ጓድ ሰይፉ ማሽኑን አስተካከልኩት አለኝ። ሁለተኛውን ትርጉም ጨመርክለት? ስለው፣ አይ፣ አስቸጋሪ ቃል ስለሆነ ጭራሽ አወጣሁት አለ። አሁን ሽፍታ ሲጻፍለት ኮከብ ያትማል። በማሽኑ አገር ከእንግዲህ ሽፍታም የለም፣ ሽፍታም የለም። ጠብቆም ላልቶም ተደምስሷል። «የሰው እጅ ሳይነካው» ልለው ፈልጌ ተውኩት።

ሦስተኛው ሾላ ገበያ ነው። ወይዘሮ ብርቄ በቦታዋ ተቀምጣለች። ቅርጫቷ ሙሉ ነው። ግራና ቀኟ ያሉት ሻጮች ጠጋ ጠጋ ብለው ርቀዋታል፤ መሐል ላይ ብቻዋን ቀርታለች። ወሬው ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ነው የወጣው፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ጋሽ አባተ ከዚያን ቀን ወዲህ አላናገራትም አለችኝ፤ ግን ዛሬ ቅርጫቱን ተሸክሞ ያወረደላት እሱ ነው። ጀማል በዳቦ አይተላለፍም ብሎ ለየሻጩ ሲያስረዳ አርፍዷል። ጤና ረዳት ሲናገር ማን ይሰማል፤ የታሰረ ደግሞ።

«ሁለት ዳቦ» አልኳት።

«ቤት ይውሰዱት፣ እዚህ አይብሉት። ሰው እያየ ነው» አለችኝ።

እሱን ብዬ ነው የመጣሁት። አንዲት ባለ ጃንጥላ ሴትዮ ከኋላዬ ክንዴን ነካችኝ፤ «እህቴ፣ አታውቂም እንዴ? እከካም ናት እኮ» አለች፣ ለኔ አዝና። ዞሬ አየኋት። ስድብ ሁሉ ምላሴ ላይ ተሰልፎ ነበር። በአማርኛም በእንግሊዝኛም። ሁሉንም ተውኩት።

ዳቦውን ቆርሼ ቆሜ በላሁት። ቀዝቅዟል፣ ጨውም በዝቶበታል፤ እያለቀሱ አቡክተውት ይሆናል። አንዱን ጨርሼ ሁለተኛውን ጀመርኩ። ወይዘሮ ብርቄ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እስክጨርስ ድረስ ሌላ ማንም አልገዛም።

ነገ ጀማልን ይዤው እሄዳለሁ። ሁለት ሰው ሲበላ ያየ ሦስተኛ ይመጣ ይሆናል።